የእህቴ ጽዳት

«አንቺ ልጅ፣ ከበሩ ተነሽልኝ» አሉ የልብስ ሰፊዋ አጎት፣ የታጠፈ ፍራሽ በሁለት እጃቸው እንዳቀፉ። «ነገ በጠዋት የሩቅ ዘመድ ይገባል። የት ላስተኛው? ጭንቅላቴ ላይ?»

«ሳሎን ይተኛ፣ ጋሼ።»

«ሳሎኑማ ወንበር በወንበር ሆኗል። የወንድምሽን ዕቃ ነቃቅለን ጓዳ እናስገባው። አንድ ሰዓት አይፈጅም።»

ልብስ ሰፊዋ ንቅንቅ አላለችም። ከቀብር መልስ ጥቁር ሻሿን ሳታወልቅ እዚህ በር ላይ ጀርባዋን ለጥፋ ከተቀመጠች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ለቀስተኛ ይመጣል፣ «ያጽናሽ» ይላታል፣ አንገቷን ትደፋለች። ሻይ ይሰጧታል፣ እጇ ላይ ይቀዘቅዛል። ሽንት ቤት እንኳ የምትሄደው እየሮጠች ነው፤ ስትመለስም መጀመሪያ የምታደርገው ጆሮዋን በሩ ላይ መደገን ነው።

ከእንጨቱ ማዶ የወንድሟ የሙዚቃ መሣሪያ ያጉረመርማል። ረጅም እምምታ፣ ከዚያ እንደተበላሸ ቧንቧ ጠብ፣ ጠብ። ወንድሟ የሞተ ዕለት ጠዋት ሳያጠፋው ወጥቶ ነው የቀረው።

ሊፍት ጠጋኝ ነበር። ሕንፃ ውስጥ ሰው ታሽጎ ሲጮህ የሚጠራው እሱ ነው። ያን ዕለትም ሰባተኛ ፎቅ ላይ አራት ሰዎች ሊፍት ውስጥ ቀርተው ተጠራ፤ ደረጃውን እየሮጠ ወጣ፣ አወጣቸው፣ «በሉ ወደየቤታችሁ» አላቸውና ትንፋሽ ለመሰብሰብ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። በዚያው ቀረ። ልቡ ናት አሉ።

ከሥራ ሲመለስ ግን ዓለሙ ይቺ ክፍል ነበረች። መሣሪያውን ሲንተሳይዘር ይለዋል። ሰው ሲንተሳይዘር ሲባል እንደ ፒያኖ ጥርስ ያለው ነገር ይጠብቃል፤ የሱ ግን ግድግዳ የሚያህል ሳጥን ነው፣ ሙሉውን ቀዳዳና መዘውር። ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ገመድ ካልተሰካ ትንፍሽ አይልም። ገመዱ ከተነቀለ ደግሞ ያ ድምፅ ሄደ ማለት ነው፤ አጥንተው መልሰው ቢሰኩት እንኳ ያው ራሱ አይመጣም። ድምፁ ሲበዛ እናታቸው ሳሎን ካለው ወንበሯ ሳትነሳ ግድግዳውን በቀለበቷ ሁለት ጊዜ ትመታለች፤ እሱም ትልቁን መዘውር አዙሮ ይቀንሳል። ዓመታት በዚህ ተግባብተው ኖረዋል። በነዚህ ሦስት ቀናት እናቲቱ እዚያው ወንበር ላይ ነበረች፣ ግድግዳውን ግን አልነካችውም።

ልብስ ሰፊዋ በሩን እንደ ዓይን ብሌኗ የምትጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከሁለት ዓመት በፊት እናታቸው ታማ፣ ቤቱ በጠያቂ ሊጥለቀለቅ ሆነ። እሷ ልታግዝ ብላ የወንድሟን ክፍል ከፈተች። ስልሳ ገመድ እርስ በርሱ ተወታትቦ ተንጠልጥሏል። የተወታተበ ክር ያየ ልብስ ሰፊ እጁ አያርፍም። አንድ በአንድ ነቀለቻቸው፣ ጠቀለለቻቸው፣ ቀዩን ከቀይ፣ ቢጫውን ከቢጫ ለይታ በነጭ ክር አሰረቻቸው፤ ሱቋ ውስጥ ክሮቿን እንደምታደርገው። ከዚያ ምስጋናዋን ለመቀበል በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

መጣ። አየ። 

«አመሰግናለሁ» አላት በደረቁ። ራቱን አልበላም። ስምንት ወር የለፋበት ድምፅ እንደነበር የሰማችው ቆይታ ከእናቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ክፍሉን አልረገጠችም። እሱም አላነሳባት፣ እሷም ይቅርታ አልጠየቀችው፤ ሆድ ይፍጀው ብለው ተዉት። አሁን ይቅርታ የሚቀበል የለም። የቀረው ይህ የመጨረሻ ድምፁ ብቻ ነው። አንዴ ነቅዬበታለሁ፣ ሁለተኛ አልነቅልበትም ብላ ምላለች።

ግን መሐላዋ እሷንም አብሮ ቆልፏታል። እምምታው ጥርሷ ውስጥ ገብቷል። ስታንቀላፋ ጠብ፣ ስትነቃ ጠብ። ተነስቶ ፊት መታጠብ አማራት፤ አጎቷ ፍራሹን እንዳቀፉ ኮሪደሩ ላይ ይንጎራደዳሉ።

ከሰዓት በኋላ ራዲዮ ጠጋኙ መጣ። የሟች የልብ ወዳጅ ነው፤ ግዙፍ ሰውዬ፣ ዓይኑ በለቅሶ አብጧል። ወንበር ቢሰጡት እምቢ አለና እሷ አጠገብ መሬት ላይ ዘጭ አለ። ጆሮውን ወደ በሩ አስጠጋ።

«አሁንም እዚችው ላይ ነው እንዴ?»

«እንዴት አሁንም?»

«ይቺ ድምፅ እኮ አንገሸገሸችው! ወሩን ሙሉ እዚችው ላይ ሲሽከረከር። ‹ሰዉን ሁሉ ከሊፍት አወጣለሁ፣ እኔን ከዚች ማን ያውጣኝ› ይለኝ ነበር። አዲስ ሐሳብ ጠፋበት። ምን ያድርግ፣ የወሩን መጨረሻ ሲጠብቅ…» ዓይኑን ጠረገ።

«የወሩ መጨረሻ ምን አለ?»

ራዲዮ ጠጋኙ ዞሮ አያት። «የእህቴ ጽዳት ነዋ! አታውቂም እንዴ?»

አታውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

«ያኔ ነቃቅለሽ የጠቀለልሽለት ጊዜ» አለ፣ «ሁለት ቀን ሰው አላናግርም አለ። አልዋሽሽም፣ ተናዶብሽ ነበር። በሦስተኛው ቀን ደወለልኝ። ባዶው ሳጥን ፊት ቁጭ ብሎ ከዜሮ ሲጀምር፣ እድሜውን ሙሉ ያልሰማው ነገር መጣለት። ‹ስምንት ወር ታሽጌ ኖሬ እህቴ በግማሽ ቀን አወጣችኝ› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ወር በገባ በሠላሳ ሁሉንም ይነቅላል፣ እንዳንቺው በየቀለሙ ይጠቀልላል፣ በነጭ ክር ያስራል። ክሩንም ካንቺ ነው የሚወስደው።»

ልብስ ሰፊዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። በየወሩ ሱቋ ብቅ እያለ «ክር አለሽ? ቁልፌ ተበጠሰ» ይላት ነበር። «ስንት ቁልፍ ነው ባክህ የሚበጠስብህ!» እያለች ስትስቅበት፣ እሱም አብሯት ሲስቅ።

«ለምን አልነገረኝም?»

«‹ከነገርኳት በየሳምንቱ መጥታ ታጸዳዋለች› ይላላ!»

ሳቋ ከእንባዋ ጋር ተደባልቆ ወጣ። ከዚያ ለቅሶ ብቻ ሆነ፤ ሦስት ቀን ያላለቀሰችውን አለቀሰች። ሰውዬው ትከሻዋን ይዞ ጠበቃት።

«ቀኑ ስንት ነው ዛሬ?» አለች መጨረሻ ላይ።

«ሠላሳ።»

ተነሳች። ጉልበቷ ተንቋቋ። «አንድ ሰዓት ይስጡኝ፣ ጋሼ። ከዚያ የፈለጉትን ያንጥፉ።»

ክፍሉ ውስጥ ጃኬቱ ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ግማሽ የተጠጣ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ አለ። የመጀመሪያውን ገመድ ስትነቅል ጠብታው ቆመ። ከሠላሳ በላይ ስትነቅል እምምታው ሳሳ። የመጨረሻዋን ቀይ ገመድ ይዛ ብዙ ቆመች፤ ከዚያ ነቀለቻት። ሳሎን የነበረው ሹክሹክታ ሁሉ አብሮ ጸጥ አለ።

መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጠቀለለች፣ ቀዩን ከቀይ፣ ቢጫውን ከቢጫ። ኮሌታዋ ሥር መርፌ ከነክሩ አይጠፋም፤ በዚያ ክር አሰረች። ጠረጴዛው ላይ የብስኩት ቆርቆሮ አለ፣ ውስጡ በእጅ ጽሑፉ የተሞሉ ቁራጭ ወረቀቶች። ሐሳብ ሲጠፋው አንዱን በዕጣ አውጥቶ ያለውን የሚያደርግበት ነው። ‹በሦስት ገመድ ብቻ።› ‹ቀርፋፋው ፈጣኑን ይዘዘው።› ‹የምትጠላውን ቀዳዳ አስቀድም።› አልገባትም። ‹ምንም የማያውቅ ሰው ይጀምርልህ› የሚለው ገባት።

አንድ ቢጫ ገመድ ፈታች። ዓይኗን ጨፍና አንዱን ጫፍ አንዱ ቀዳዳ ውስጥ፣ ሌላውን ሌላው ውስጥ ሰካች። ምንም የለም። ነቅላ ሌላ ቦታ ሞከረች፤ ምንም። ቀይና ሰማያዊ ፈትታ አመጣች፣ እንደገና ዓይኗን ጨፍና ጨመረቻቸው።

ቤቱ በአንዴ ተናወጠ። መርፌው የተሰበረበት የስፌት ማሽን የመሰለ፣ አስቀያሚ፣ ማንም ሰምቶት የማያውቅ ድምፅ። ኮሪደሩ ላይ አጎቷ ፍራሹን ሲጥሉ ተሰማ፤ አንድ ሰው «በስመአብ!» አለ።

ከዚያ ከግድግዳው ማዶ በቀለበት፣ ሁለት ጊዜ፣ ቋ ቋ።

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ገለጠች። ትልቁ መዘውር ላይ በተለጠፈ ፕላስተር፣ በወንድሟ እጅ «የእማዬ» ተብሎ ተጽፏል። እጇን ዘረጋችና መዘውሩን ቀስ አድርጋ ወደ ግራ አዞረችው፤ ትንሽ ብቻ።