በመካከላችን የተጣላ አለ ወይ?

ሰርካለም ስትጸልይ እግዚአብሔርን የምትለምነው ሳይሆን የምታስጠነቅቀው ነው የሚመስለው። ሌላው ሰው «በሰላም አውለኝ» ብሎ በሚያልፈው ላይ እርሷ ዝርዝር ታቀርባለች። ጋዙ እንዳይፈነዳ፣ ባለሦስት እግሩ ረክሻ እንዳይገለበጥ፣ ፖሊስ አፈሳ ወጥቶ መንገድ ላይ እንዳያገኛቸው፣ ከአፈሳው ቢተርፉ ወባ እንዳይዛቸው፣ ከወባው ቢድኑ መድኃኒቱ የተበላሸ እንዳይሆን። አንዱን የረሳች እንደሆነ እግዚአብሔርም አብሮ የሚረሳው ይመስላታል።

«ማማ፣ ለረበና ሐሳብ አትስጪው» ትላታለች ልጇ ማላዝ፤ ረበና የምትለው እግዚአብሔርን ነው። «እሱ እንዲህ አድርጎ አላሰበም ነበር።»

ማላዝ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አባቷ አብደልመጂድ የጭነት መኪና ይዞ ፖርት ሱዳን ይመላለሳል። አማርኛዋን እናቷ አስተምራታለች፤ የጎደለውን ካርቱም በዐረብኛ ሞልታላታለች። ፍርሃት ግን ከእናቷ አልወረሰችም። ሰርካለም ይህንን ከአባቷ ወገን የመጣ ጉድለት አድርጋ ታየዋለች።

አርካዊት በሚባለው የካርቱም ሰፈር ሰርካለም ያለችበት የጽዋ ማኅበር አለ። በየወሩ በሃያ አንድ ማርያምን የሚዘክሩ ዐሥራ አራት ሴቶች ናቸው። በድሮው መንግሥት ጊዜ ጠላ ያስገርፍ ስለነበረ ጽዋው ሃያ ዓመት ሙሉ በከርከዴ፣ በቀዩ የአበባ መጠጥ፣ ሲሞላ ኖረ፤ ማርያምም አንድ ቀን ቅር አላት ሲባል አልተሰማም። ከዚያ ሕዝቡ ተነሣ፣ መንግሥት ወደቀ፣ ሕጉ ላላ፣ እስላም ላልሆነ ሰው መጠጥ ተፈቀደ። ይኼን ጊዜ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ምግብ ቤት ያላት ወሰንየለሽ፣ ነጻነት ከመጣ በኋላ በቅጠል ውኃ መዘከር ማርያምን መናቅ ነው፣ ጽዋ ማለት ጠላ ነው ብላ ተነሣች። በአንድ ዲፕሎማት ቤት ወጥ ቤት የምትሠራው ኪዳነምሕረት ደግሞ፣ ዛሬ የተፈቀደ ነገ ይከለከላል፣ በከርከዴ የጠበቀችንን እመቤት በጠላ አናስቀይምም አለች። አገሬው ለሲቪል መንግሥት ደሙን ሲያፈስ የእኛዎቹ ለጠላ ለሁለት ተሰነጠቁ። ሰባቱ ወዲያ፣ ስድስቱ ወዲህ፣ ሰርካለም መሐል።

ጽዋው ራሱ ሰርካለም ቤት ቀረ፤ ሲሰነጠቁ ተረካቢዋ እርሷ ነበረች። ለማንም አልሰጠችም። ቅድስና ይዟት አይደለም። ለአንዱ ወገን ብትሰጥ ሌላው ወገን ይረግማታል፣ እርግማን ደግሞ እንደሚደርስ ታውቃለች። ሁለቱም ወገን ሱቅ ዐረቢ ገበያ ወርደው የየራሳቸውን አዲስ ጽዋ ገዙ፤ ግን ዓይናቸው ከአሮጌው አልተነሣም።

የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪው ማለት ነው፣ ጋሽ አያሌው ልብስ ሰፊ ናቸው። ማንንም ማስቀየም ስለማይወዱ በሃያ አንድ ቀን ጠዋት ከጠላዎቹ ዘንድ፣ ከሰዓት ከከርከዴዎቹ ዘንድ ይገኛሉ። ዳቦው ከመቆረሱ በፊት ቆመው «በመካከላችን የተጣላ አለ ወይ?» ብለው መጠየቅ ሥርዓቱ ነው። አለ ከተባለ ዳቦው አይቆረስም፣ ጽዋው አይቀመስም፤ ሁለት ሰው ከማኅበሩ ተመርጦ የተጣላውን ይዞ እባላጋራው ደጅ ድረስ ይሄዳል፣ ያስታርቃል፣ ይመለሳል። በዐሥራ ሦስት ወር ውስጥ ጋሽ አያሌው ሃያ ስድስት ጊዜ ጠየቁ፤ ሃያ ስድስት ጊዜ «የለም» ተባሉ። ውሸትም አልነበረም። ሰው የሚጠላውን ሌላ ቤት ካስቀመጠ በኋላ ከሁሉም ጋር በሰላም መኖር ይችላል። በሁለቱም ቤት ጸሎቱ ሲጀመር የሚለመነው ደግሞ አንድነት ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን አንድነት፣ የኢትዮጵያ አንድነት፣ ያስጠጋን የሱዳን ሕዝብ አንድነት።

በሁለት ሺህ ዐሥራ አራት ጥቅምት አጋማሽ ላይ ወታደሮቹ መንግሥቱን መልሰው ያዙ። የከተማው ድልድዮች ተዘጉ፣ ኢንተርኔት ጠፋ። ጥቅምት ሃያ ቀን አገር ምድሩ ለሰልፍ ሲወጣ ማላዝም በጠዋት ጫማዋን አጥልቃ ተነሣች። ሰርካለም በሩ ላይ ቆመች። መጀመሪያ ለመነች። ከዚያ የሚደርስባትን በተራ ቆጠረችላት፤ ጥይቱን፣ ጭሱን፣ መረጋገጡን፣ እስር ቤቱን፣ እስር ቤት ውስጥ ያለውን ውኃ። ማላዝ አቅፋ ልትስማት ጠጋ ስትል እናትየው ገፋቻት።

«ሂጂ! ብትሞቺም አላለቅስልሽም።»

ልጅቷ አንድ ጊዜ አየቻትና ወጣች። ከሰዓት የስልኩም መስመር ተቋረጠ። ማላዝ ሳትመጣ መሸ፣ ሳትመጣ ነጋ።

በማግስቱ ሃያ አንድ ነው። ጎረቤቷ ዐዊያ የልጅቷን ወጥታ መቅረት ለሰፈሩ አዳርሳው ስለነበር ገና በጠዋት ወሰንየለሽና ስድስቱ ጓደኞቿ ጀሪካን ጠላና ዳቦ አሸክመው ገቡ። ተቀምጠው ሳይጨርሱ ኪዳነምሕረትና የእርሷ ወገኖች በትልልቅ ፔርሙስ ከርከዴና ሌላ ዳቦ ይዘው ደረሱ። ሰርካለም ምን እንዳመጣቸው አላጣችውም። ማዘናቸውስ ትንሽ ያዝናሉ። ነገር ግን በጭንቋ ቀን እቤቷ ገብቶ የጸለየ ወገን በኋላ ጽዋውን ቢጠይቅ ማን ይከለክለዋል? ለማጽናናት ሳይሆን ላለመቀደም የመጡ ናቸው። በመጨረሻ ጋሽ አያሌው ገቡ፤ ዐሥራ ሦስቱንም እንግዶች ባንድ ክፍል ሲያዩ የሚቀመጡበት ወገን ጠፋቸውና መሐል በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

ሰርካለም የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቁስለኞች ካርቱም ሁለት ወዳለ ሆስፒታል እንደተወሰዱ ዐዊያ ሰምታለች። እዚያ ግድግዳ ላይ የስም ዝርዝር ይለጠፋል። ሰርካለም ዐረብኛ ትናገራለች እንጂ አታነብም። ብታነብም ያንን ወረቀት ብቻዋን ቆማ የምታይበት ጉልበት የላትም። አብሯት የሚሄድ ሰው ለመነች።

መንገዱ በድንጋይና በጎማ ተዘግቷል አሉ። ወታደር መታወቂያ ይጠይቃል አሉ፤ ግማሾቹ መኖሪያ ፈቃዳቸው ካለፈ ዓመት ሆኖታል። ይህ ፍርሃት እውነት ነው፤ ሰርካለም ራሷ ብትሆን ትፈራ ነበር። ያናደዳት ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። መጀመሪያ እንጸልይ አሉ። ለጸሎት የልጅቷ የክርስትና ስም ያስፈልጋል ሲባል አንደኛዋ፣ ለመሆኑ ክርስትና ተነሥታለች ወይ፣ አባቷ እስላም አይደል ብላ ጠየቀች። ሌላዋ ተነሥታም ከሆነ ሰልፍ መውጣት የክርስቲያን ነው ወይ አለች። በየትኛው ጸሎት እንደሚጀመር፣ የማን ዳቦ እንደሚባረክ፣ ከዳቦው አጠገብ የሚቀመጠው ጀሪካኑ ይሁን ፔርሙሱ ክርክር ተነሣ። ድምፃቸው ሳይጮህ፣ «እኅቴ» እየተባባሉ፣ በትሕትና ተቦጫጨቁ።

ሰርካለም አየቻቸው። የእነዚህን ጸሎት እግዚአብሔር የሚሰማ ከሆነ የሚሰማው ሌላ ሥራ ሲያጣ ነው ብላ አሰበች። ከዚያ የራሷ ትዝ አላትና አፈረች። ሌሊቱን ሙሉ ስትጸልይ ሁሉንም ዘርዝራለች፤ ራሷ የተናገረችውን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣችውም።

ጋሽ አያሌው ክርክሩን ለማብረድ የሚያውቁትን አንድ ነገር አደረጉ። ቆሙና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በመካከላችን የተጣላ አለ ወይ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄው ሰው አገኘ። ወሰንየለሽ ኪዳነምሕረትን አላየቻትም፣ ኪዳነምሕረት ጣሪያውን አየች። ሁለቱም ሌላዋ ትጀምር ብለው ይጠብቃሉ፤ ቀድሞ አለሁ ያለ ጥፋተኛ ይሆናላ። ጋሽ አያሌውም ጠይቀው ቆጫቸው፤ አፋቸውን ለ«የለም» ሲያመቻቹ ሰርካለም ተነሣች።

«አለ» አለች። «እኔ ተጣልቻለሁ።»

«ከማን ጋር?» አሉ በድንጋጤ።

«ከልጄ። ትናንት ጠዋት፣ እዚህ በር ላይ። ብትሞቺ አላለቅስልሽም ብያታለሁ።»

ክፉ ቃል ነው፤ እናት ለሆነ ሰው ማብራሪያ አያሻውም።

«ሥርዓታችሁን እናንተ ታውቃላችሁ» አለች ሰርካለም። «እኔ ሳልታረቅ ዳቦ አይቆረስም። የጠላውም፣ የከርከዴውም። ሁለት አስታራቂ ስጡኝ።»

ጋሽ አያሌው ልጅቷ የት እንዳለች ሳይታወቅ እንዴት ይሆናል ሊሉ ጀምረው ተዉት። ሥርዓቱ የተጣሉት ሰው አድራሻው የታወቀ ይሁን አይልም። ማን ይሄዳል ብለው ዙሪያውን አዩ። ሁሉም እጁን አየ። በመጨረሻ ወሰንየለሽ ነጠላዋን አጣፋች፤ ምግብ ቤቷ ያለው በዚያው ሰፈር ነው፣ መንገዱን ታውቃለች። እርሷ ስትነሣ ኪዳነምሕረት ጫማዋን ትፈልግ ጀመር። ወሰንየለሽ ብቻዋን ሄዳ ልጅቷን ብታመጣ በሚቀጥለው ሃያ አንድ ጽዋው በጠላ ተሞልቶ ማየቷ ነው፤ ይህን ደግሞ ከጥይት አስበልጣ ፈራችው። ፍቅር አላስነሣቸውም፣ ቅናት ነው ያስነሣቸው። እግዚአብሔር ግን እጁ ላይ በተገኘው መሣሪያ የሚሠራ ይመስላል፤ ከዚያ ክፍል የተሻለ መሣሪያም አላገኘ።

ሦስቱ ሴቶች በእግራቸው መንገድ ጀመሩ። አስፋልቱ ላይ ጡብ ተደርድሯል፣ የተቃጠለ ጎማ ያጨሳል። ወሰንየለሽ ከፊት ሆና በቀኝ ስትል ኪዳነምሕረት በግራ ይቀርባል ትላለች፤ ሰርካለም የምትሰማቸው ግን እየመረጠች ነው። እርሷ የምታሰላው አስከሬኑን በምን ተሸክመው እንደሚመልሱት ነው። አብደልመጂድ ስልክ ሳይኖር እንዴት ይነገረው? የሚቀበረውስ በማን ሥርዓት ነው፣ በአባት ወይስ በእናት? እዚያ ላይ ስትደርስ መንገድ መሐል ቆመች። ሁለቱ በሁለት ወገን ብብቷን ያዟት።

መታጠፊያው ላይ አንድ ወታደር አስቆማቸው። ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቀ፤ ሆስፒታል አሉት። ሰርካለምን እያሳየ ምናችሁ ናት አለ።

«ኡኽትና» አለች ኪዳነምሕረት፣ እኅታችን ናት ማለቷ ነው።

ወታደሩ ወደ ወሰንየለሽ ዞሮ ኪዳነምሕረትን እያሳየ አንቺስ ለዚችኛዋ ምኗ ነሽ አላት። ወሰንየለሽ ምራቋን ዋጠችና እርሷም ያንኑ ቃል አለች። ጠመንጃ ሲያዩ እኅትማማች መሆን አያቅታቸውም። አሳለፋቸው።

የሆስፒታሉ ግቢ በሰው ሞልቷል። ወረቀቱ በሩ አጠገብ ተለጥፏል፤ በእስክሪብቶ የተጻፈ ሁለት ገጽ። ሰርካለም ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ከሁለቱ ዐረብኛ የምታነብ ኪዳነምሕረት ናት፣ እሷም በዝግታ። ጣቷን እያስሄደች ስሙን ስትቆጥር ወሰንየለሽ በትከሻዋ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ ፈጠን በይ፣ ሃያ ዓመት ዲፕሎማት ቤት ምን ተማርሽ እያለች ታዋክባታለች።

ጣቷ ቆመ። «ማላዝ አብደልመጂድ» አለች።

ሰርካለም አልጮኸችም። ይህንን ሌሊቱን ሙሉ ሰምታው ነበር።

«የትኛው ዝርዝር ነው?» አለች ጀርባዋን እንደሰጠች።

ኪዳነምሕረት የገጹን ራስጌ ለማንበብ ጊዜ ወሰደባት። ያች ጊዜ ለሰርካለም ከሃያ ዓመቱ ስደት ረዘመችባት።

«የቁስለኞች» አለች። «እግር ይላል። እግር ብቻ።»

ማላዝን ያገኟት ከግቢው ጥግ፣ ከኒም ዛፍ ሥር ካርቶን ላይ ተቀምጣ ነው። ቀኝ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚት በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ፊቷ በአቧራ ነጥቷል። ጎማ ዘላ ስታልፍ ብረት ቆርጧት ቁስሉ በስፌት ተይዟል። ስልክ የለ፣ መንገድ የለ፣ ሌሊቱን እዚያው አድራለች። እናቷን ስታይ የትናንቱ ቃል አልወጣላትም፤ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

አስታራቂዎቹ ሥራቸውን ጀመሩ። ሥርዓቱ ታናሽ ወድቆ የታላቁን ጉልበት ይስማል ነው። ማላዝ ለመነሣት ሞከረች፣ እግሯ እምቢ አለ። ይኼን ጊዜ ሰርካለም ነጠላዋን አደገደገችና እርሷ ተንበረከከች።

«ኧረ ነውር ነው፤ እናት ለልጅ አትወድቅም» አለች ወሰንየለሽ።

«እውነቷን ነው፣ ሥርዓት አይደለም» አለች ኪዳነምሕረት። በዐሥራ ሦስት ወር ውስጥ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይኼ ነበር።

ሰርካለም አልሰማቻቸውም። ግንባሯን ልጇ ጉልበት ላይ አድርጋ ቆየች። ለጥይቱ ጸሎት ነበራት፣ ለእስሩም ለቀብሩም ነበራት። ልጅቱን በሕይወት ብታገኛት የሚባለውን ግን በዕድሜዋ አንድ ቀን አዘጋጅታ አታውቅም። ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች።

«አንዱ ጫማሽስ?» አለች።

«ጠፋ፣ ማማ። ፊ ዛህማ፣ ግርግሩ ውስጥ፣ ሰው ሲሮጥ።»

«መሬቱ ንጹሕ አይደለም። ቴታነስ አለ። ወግተውሻል?»

«ወግተውኛል።»

«መርፌው አዲስ ነበር?»

ማላዝ ሁለት እጇን እናቷ ራስ ላይ ጫነችና ወደ አስታራቂዎቹ ቀና አለች።

«ኸላስ፣ በቃ፣ ታረቅን» አለቻቸው። «እሷ ይቅርታ ስትል እንዲህ ነው።»