ዳኛ ዶንግ ያስተማረን

ዳኛ ዶንግ ከቺንግታን ተሽሮ ሲሄድ ሕዝቡ እያለቀሰ ሸኘው። የተወደደ ሹም ሲሰናበት ጫማው ተወልቆ ከከተማው በር ላይ ይሰቀላልና የእርሱንም ሰቀልንለት። ያለቀስነው ግን የሰፈር አለቆች በየደጃፋችን ቆመው ስላስለቀሱን ነው።

ዶንግ እጅ መንሻ ሲቀርብለት ፊቱን አጥቁሮ፣ የንጉሠ ነገሥቱን ሕግ ጠቅሶ ይመልስ ነበር። አቅራቢውም ወደ ቤቱ ተመልሶ አብልጦ ያመጣ ነበር። በዚህ መልኩ ዘርፎን ሄደ፤ ንብረታችንን ብቻ ሳይሆን፣ እምቢ የሚልን ሰው የማመን ዐቅማችንንም ጭምር።

በእርሱ ምትክ ፌንግ የሚባል ከሲታ ዳኛ መጣ። ጓዙ ጥቂት መጻሕፍትና አንድ ድስት ብቻ ነው ተባለ።

«ባዶ ድስት ብዙ ይይዛል» አለች የአኩሪ አተር አይብ የምትሸጠው ወይዘሮ ፓን።

በዚያው ሰሞን የሸክላ ሠሪው የቺዩ ልጅ ዌንሻን፣ የቤተ መቅደሱን የነሐስ ደወል ሰርቀሃል ተብሎ ታሰረ። ከሳሹ የመቅደሱ ጠባቂ ነበር፤ ቅጣቱም ወደ ጠረፍ መጋዝ ነው። ፌንግ ምስክሮችን ሰማ። ልጁ ያን ሌሊት ከሸክላ ምድጃው ሳይለይ ማደሩን ሁሉም መሰከሩ። ፍርዱ ለሦስተኛው ቀን ተቀጠረ።

«ንጹሕ ከሆነ ዛሬውኑ ለምን አይለቀውም?» አለ ቺዩ።

«እየጠበቀህ ነዋ፣ አያ ቺዩ» አለችው ወይዘሮ ፓን። «ሸክላ ስትጠፈጥፍ ዕድሜህ አለቀ፤ ሰው መቼ ልታውቅ ነው?»

ቺዩ ምርጥ ሻይ በማሰሮ ይዞ ሄደ። ፌንግ ማሰሮውን ሳይከፍት መለሰለት።

«ይህን ከቤቴ አውጣልኝ» አለው።

«‹ይህን አውጣ› ነው ያለህ?» አለች ወይዘሮ ፓን ወሬውን ስትሰማ። «እንግዲህ ሻይ አይጠጣማ።»

ቺዩ ለመቀበሪያው ያዘጋጀው የካምፎር እንጨት ሬሳ ሣጥን ነበረው፤ በየዓመቱ ቀለም እየቀባ የሚንከባከበው። እርሱን ሸጦ ጄድ ከሚባለው የከበረ አረንጓዴ ድንጋይ የተሠራ አምባር ገዛና በፍርዱ ዋዜማ ለዳኛው አቀረበ።

ፌንግ አምባሩን ትኩር ብሎ አየው። «ከየት አመጣኸው?»

«ሬሳ ሣጥኔን ሸጬ፣ ጌታዬ።»

«ልጁ ንጹሕ የሆነ አባት ሬሳ ሣጥኑን ይሸጣል?» ድምፁ ዝግ ያለ ነበር። «ምስክሮቹንስ በምን ገዛሃቸው?»

ቺዩ ማለ፤ ተገዘተ። ፌንግ ግን በዚህች ከተማ መሐላ ምን ያህል እንደረከሰ ከችሎቱ መዛግብት አንብቦ ነበር። በማግስቱ ምስክርነቱን ሁሉ ውድቅ አደረገው። አምባሩን በአደባባይ አስመልሶ፣ ዌንሻን ወደ ጠረፍ እንዲጋዝ ፈረደ። እጁ እንዳላደፈ ርግጠኛ ነበር፤ በእውነትም አላደፈም።

ወደ ጠረፍ የሚያጅበው ወታደር አባትና ልጁ እንዲሰነባበቱ ጥቂት ፋታ ሰጣቸው።

«አባዬ፣ ምን ሆኖ ነው?» አለ ዌንሻን የእስረኛ ቀንበር በአንገቱ እንደተሸከመ። «ምስክሮቹን አምኗቸው አልነበር?»

«ያለኝን ሁሉ ሰጥቼው ነበር ልጄ» አለ ቺዩ። «የመቅደሱ ጠባቂ የሰጠው በለጠብን።»

ልጁም አመነው።