የሚቀበረው ብራና

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1994 የበረዶ ወራት ቆንጂት ሁለት ሥራ ነበራት። ጠዋት በስደት አገሯ፣ ኢቶቢኮ በሚባል ሰፈር ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ሰው ስታነሳና ስታስተኛ አርፍዳ፣ ከሰዓት ባትረስት ጎዳና ላይ ወዳለው ወደ ሚስተር ዙስማን ቤት ትሄዳለች። አውቶቡስ ውስጥ ከተቀመጠች እንቅልፍ ስለሚጥላት ቦታ እያለም ቆማ ነው የምትጓዘው። የተቀጠረችው ሽማግሌውን ልታጥብና ልታበላ ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ሌላ ሥራ ጨመሩላት፤ ሠላሳ ዓመት ለፍተው የጻፉትን መጽሐፍ ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች፣ አርሚ ያሏትን ታርማለች። እንግሊዝኛዋ ሲደናቀፍ ይታገሷታል።

መጽሐፉ የቅድመ አያታቸው የኤፍሬም ዙስማን ታሪክ ነው። ኤፍሬም በዘመኑ ፖላንድ ውስጥ በጋሪ እየዞረ አሮጌ የዕብራይስጥ መጻሕፍት የሚገዛና የሚሸጥ አይሁዳዊ ነበር። ተራ ነጋዴ እንዳይመስላችሁ፤ የተቀደደ ገጽ ዳብሶ ዘመኑን የሚናገር ሊቅ ነው። ሚስቱ ማገዶ አጥታ ስታለቅስ እሱ ብራና ያገላብጣል። እዚህ ክፍል ላይ ስትደርስ ቆንጂት ሁልጊዜ ትናደዳለች፤ እንዲህ ዓይነት ባል የትም አገር አይጠፋም።

ስሙን ያስጠራው አንድ ጆንያ ብራና ነው። አይሁድ የእግዚአብሔር ስም የተጻፈበት ነገር ሲያረጅ አይጥሉትም፣ እንደ ሰው መቃብር ቆፍረው ይቀብሩታል። ኤፍሬም በአንዲት ትንሽ ከተማ ለመቀበር የተዘጋጀ ጆንያ አግኝቶ ሊቃውንት ጠፋ ያሉትን መጽሐፍ ከውስጡ አወጣ። መጽሐፉም ለአንድ ታላቅ ቤተ መጻሕፍት ተሸጠ። ሚስተር ዙስማን ይህን ሲጽፉ “ከአፈር አዳነው” ብለዋል። ከእሱ ለቤተሰቡ የቀረው አንድ ቅጠል ብራና ብቻ ነው፤ በቆርቆሮ ሣጥን ተከቶ ከራስጌያቸው አይለይም። ልጃቸው ናዖሚ በሚቀጥለው ሳምንት አባቷን መጦሪያ ልታስገባ፣ ብራናውንም ለዩኒቨርሲቲ ልትሰጥ ቆርጣለች።

አንድ ቀን ቆንጂት አልጋውን ስታነጥፍ ሣጥኑ ተገለበጠና ብራናው ወለል ላይ ወደቀ። ደንግጣ አነሳችና፣ እንደለመደባት፣ ሳመችው። ሚስተር ዙስማን ሰሙ።

“ሳምሽው?” አሏት።

“የእግዚአብሔር ስም ወድቆ ምን ላድርግ?”

 የእሳቸውም ሰዎች የወደቀ መጽሐፍ እንደሚስሙ የነገሯት ቆይተው ነው። ከዚያ ለማንም ያልተነፈሱትን አወጡ። ጆንያውን ለኤፍሬም የሰጠው የታመመ መቃብር ቆፋሪ ነበር፤ የሰጠውም ኤፍሬም ራሱ ሊቀብረው ስለማለ ነው። ምሎ ተቀበለና ሸጠ። ይህን በልጅነታቸው አያታቸው ነግራቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ከጻፉት መጽሐፍ አስቀሩት። አሁን መሐላው በእሳቸው እንዲፈጸም ይፈልጋሉ። ቅርብ ያለው ምኩራብ ያረጀ ጽሑፍ የሚከተትበት ሣጥን አለው፣ ሲሞላ ይቀበራል። ብራናውን እዚያ ክተቺልኝ ብለው ለመኗት።

ቆንጂት ናዖሚን አሰበች። ሌባ ብትባል ማን ሊመሰክርላት ነው? እንጀራዋ ነው የሚዘጋው።

“እኔ አልነካውም። ከፈለጉ በገዛ እጅዎ ይክተቱት፤ ዊልቸሩን እኔ እገፋለሁ” አለች።

በማግሥቱ ሄዱ። በረዶው ቀልጦ ጭቃ ሆኖ ስለነበር ጎማው እየሰመጠ ወገቧ ሊቆረጥ ደረሰ። እሳቸው መንገዱን ሙሉ ሣጥኑን በካፖርታቸው ሥር እንዳቀፉ ነበር። ምኩራቡ ስትደርስ ላቧ በጀርባዋ ይወርዳል። ብራናውን አውጥታ ሳይሆን አስወጥታ፣ እጃቸውን ይዛ ያረጀ ጽሑፍ የሚከተትበትን የእንጨት ሣጥን ቀዳዳ አስዳበሰቻቸው።

የብራናው ግማሽ ገባ። ጣቶቻቸው ግን አለቀቁም።

ጠበቀች። ይሄን ሁሉ ገፍቼ ብላ ውስጧ ተቃጠለ፤ እጃቸውን ትንሽ ብትገፋው እኮ ያልቅ ነበር። እጇን በእጃቸው ላይ አሳረፈች። ጣቶቻቸው ብራናውን የእናቱን ቀሚስ እንደያዘ ሕፃን ጨምድደውታል። አንጀቷን በሉትና እጇን መለሰች።

“ደክሞኛል፣ ቤት ውሰጂኝ” አሉ።

ቤት ገብተው እግራቸውን አድርቃ ሻይ ስታጠጣቸው፣ “ከአፈር አዳነው” የሚለውን ገጽ እንድታወጣ ጠየቋት። ያንን ሰርዛ፣ ሊቀብር ምሎ ተቀብሎ ሸጠው ብላ እንድትጽፍ አዘዟት። ጻፈች። ሌላ የሚጨመር እንዳለ ጠየቀቻቸው።

“እኔም ልመልሰው ሄጄ ይዤው ተመለስኩ በዪ። መጽሐፉ እዚህ ላይ ያልቃል።”

ያንንም ጻፈች።

“ዕድሜዬን ሙሉ በኤፍሬም አፍሬ ኖርኩ” አሉ ሽማግሌው። “ለገንዘብ ያደረገው መስሎኝ ነበር። ለካ መጀመሪያ እጁ እምቢ ብሎት ነው።”

 ቆንጂት ብራናውን ወደ ቆርቆሮው ሣጥን ልትመልስ ስትል መዳፋቸውን ዘረጉላት።

“ናዖሚ እስክትመጣ እኔ ልያዘው” አሉ።