የኢክላስ እግር

«ከልጆቻችሁ ጤነኛ ነው የምትሉትን አምጡልኝ» አልኩ።

ትምህርቱን በምሳሌ ለመጀመር ፈልጌ ነበር። ሦስቱን የምግብ ዓይነቶች የሚያሳየውን ትልቅ ሥዕል ከማንጎው ግንድ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሴቶቹም በሥዕሉ ላይ ባለው ዶሮ ስቀው ጨርሰዋል፤ «ይሄ ዶሮ እግር የለውም፤ ማን በላው?» ብላ ነበር አንዷ።

ተንሾካሾኩና አንዲት ወጣት እናትን ገፋፍተው አስነሷት። ኢቲዳል ትባላለች። የሁለት ዓመት ልጇን ኢክላስን ታቅፋ መጣች። የልጅቷ ጉንጭ ሙሉ ነው፤ እግሯም ድብልብል ያለ። ሴቶቹ አጨበጨቡ።

«ከኩፍኝ ተርፋ እንዲህ ወፈረችልኝ። አልሐምዱሊላህ» አለች ኢቲዳል።

ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ባዕድ ሰው ሲነካት አላለቀሰችም፤ ፊቷንም አላዞረችም። ፀጉሯ ሳስቶ ወደ ቀይ አድልቷል። አውራ ጣቴን በእግሯ ጀርባ ላይ ተጫንኩ፣ ጥቂት ቆየሁ፣ አነሳሁ። የጣቴ ጉድጓድ ሊጥ ላይ እንደቀረ ሁሉ እዚያው ቀረ።

ሴቶቹ አሁንም ያጨበጭባሉ።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ይህን ጉድጓድ በፎቶግራፍ አይቼው ነበር። ያኔ አልፈራሁም። አሁን ግን የገዛ ጣቴን ወደ ኋላ ሰብስቤ ያዝኩ።

«ምን ትበላለች?» አልኳት።

«ገንፎ። የማሽላ።»

«ከገንፎው ጋር?»

«ምንም። ኩፍኝ የያዘው ሆድ ቅባት አይችልም ብላ ሐቦባ ከልክላለች። ወተትም ለውዝም የለም። ጡት ደግሞ...» ሆዷን በመዳፏ ነካ አደረገች። እንደገና ነፍሰ ጡር ነበረች።

ሐቦባ ማለት አያት ናት። የባሏ የሱለይማን እናት፣ ከሴቶቹ ኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር የምታየኝ። ያን ቀን ስታጨበጭብ አላየኋትም።

ክልሉ ገና አዲስ ነበር። አሶሳ ያሉት ቢሮዎች ጠረጴዛ ሳይሟላላቸው ሰው ይመድቡ ነበር። እኔም ተመርቄ ከደብረ ማርቆስ በመጣሁ በአጭር ጊዜ ውስጥ በባምባሲ በኩል ወዳለችው ወደዚች የበርታ መንደር «የሥነ ምግብ ትምህርት» እንድሰጥ ተላክሁ። መኪናው አድርሶኝ ተመለሰ። ዝናቡ ግን አልተመለሰም።

የጤና ረዳቱ ዲንሳ የወለጋ ልጅ ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋና ብዙ የወባ ክኒን ነበረው። ኢክላስን ወደ ጤና ኬላው ወስደን ሳሳየው አንገቱን ነቀነቀ።

«አሶሳ ሆስፒታል ትሂድ» አልኩት።

«በምን? በክንፍ?» በአገጩ ወደ ውጭ አመለከተኝ። መኪናችን የተሻገረው ድልድይ በቡናማ ውሃ ተውጧል። «ውሃው እስኪጎድል እኔና አንቺ ነን ያለነው፣ ዘሙ። ለመሆኑ ይሄ የፕሮቲን እጥረት አይደል? እንቁላል ልቀቅልላት?»

«አትቀቅል!»

ደነገጠ። እኔም በድምፄ ደነገጥኩ።

አንድ አስተማሪያችን በሰባ ሰባቱ ረሃብ ጊዜ መጠለያ ውስጥ ሠርተዋል። ሰዎች ተራራ አቋርጠው በሕይወት ይደርሱና፣ ምግብ ባገኙበት ቀን እስኪጠግቡ በልተው በማግስቱ ይሞቱ ነበር አሉን። ረሃብ ሲቆይ ልብንም ኩላሊትንም ያደክማል። የደከመ ልብ ላይ ድንገት ብዙ ምግብ፣ በዚያ ላይ ጨው ከተጫነበት፣ ሸክሙን አይችልም። መጀመሪያ ቀጭን፣ ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ። ያበጠ ልጅ ውሃ ነው የሞላው እንጂ ሥጋ አይደለም። ይህን ሁሉ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። ፈተናው እንዲህ ያለ መስሎ አልታየኝም ነበር እንጂ።

የፍየል ወተት በፈላ ውሃ አቅጥነን ስኳርና ጥቂት ዘይት ጨመርንበት። ዲንሳ የነበረውን መድኃኒት ሰጣት። በብርድ ልብስ ጠቅልለን በማንኪያ ማብላት ጀመርን፤ እኔ ስደክም ኢቲዳል፣ ኢቲዳል ስትደክም ዲንሳ። ልጅቷ አፏን አትከፍትም። ከንፈሯን ገልጠን የምናፈስሰው ወተት በአገጯ ይወርዳል። አንዳንዴ ትንፋሿ ስለሚጠፋኝ ጆሮዬን ደረቷ ላይ አደርጋለሁ። ደረቷ ቀዝቃዛ ነበር።

ሱለይማን ከበሩ ውጭ ተቀምጦ ዝናቡን ያያል። ባምባሲ ገበያ የሚነግድ፣ አማርኛው የቀና፣ ዝምተኛ ሰው ነው። በሁለተኛው ቀን እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ «ያ ረቢ፣ ልጄ አፏን ከፍታ ምግብ ከጠየቀች ጥቁሯን ፍየል ከራማ አርዳለሁ» ሲል ሰማሁት። ከራማ የስለት ድግስ ነው፤ አርደው ጎረቤት ያበሉበታል። ጸሎት አይጎዳም ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ አንድ ጠዋት ማንኪያውን ሳስጠጋ ኢክላስ አፏን ከፈተች። ዋጠች። ማንኪያው ሲርቅባት አለቀሰች፤ የደከመች ድመት ድምፅ። ኢቲዳል እልል አለች። ሱለይማን ዘሎ ተነሳና ወደ ቤቱ ሮጠ። እኔ ከመንደሩ ከመጣሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ግድግዳውን ተደግፌ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ዓይኔን የገለጥኩት የፍየል ጩኸት ሰምቼ ነው።

«ዲንሳ፣ ያ ምንድን ነው?»

«ከራማው ነዋ። ደስ አላቸው፤ ተይያቸው።» ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «ዘሙ... የመጀመሪያው ጉርሻ እኮ የተሳሉለት ሰው ድርሻ ነው። እሷ ሳትበላ ማንም አይነካም።»

ዘወር ስል አልጋው ባዶ ነበር። እናትየው ልጇን ይዛ ሄዳለች።

በጭቃው ውስጥ እየተንሸራተትኩ ሮጥኩ። ስደርስ ፍየሏ ታርዳ ሥጋዋ ተቆራርጧል፤ ብረት ድስቱ ተጥዷል። ሰው ግቢውን ሞልቷል። ኢክላስ በእናቷ ጭን ላይ ሆና የድስቱን እንፋሎት በዓይኗ ትከተላለች። ያ ስንለምነው የነበረ ረሃብ መጥቷል። አሁን የሚያስፈራኝ እሱ ሆነ።

«አታብሏት!» አልኩ። «ትሞታለች!»

ሐቦባ ወደ ጎን እንትፍ አለች። ሱለይማን ቢላዋውን እንደያዘ ቀረበኝ።

«ሲስተር፣ ያን ቃል በልጄ ፊት አትበይ።»

«ሥጋ ዛሬ አይሆናትም። መረቁም ጨው አለው። እባክህ...»

«አንተ ልጅ» አለችኝ ሐቦባ። አማርኛዋ ሁሉንም ሰው አንተ ነው የሚለው። «ትላንት ሥዕል ሰቀልህ፣ ሥጋ ብላ፣ ወተት ጠጣ አልህ። ዛሬ ሥጋ አትብላ ትላለህ። የቱ ነው አንተ?»

ሴቶቹ ሳቁ። እውነቷን ነበር፤ ሥዕሉ ላይ ሥጋ አለ። ለታመመ ልጅ ሌላ ሥዕል እንዳለ ግን ማንም አልነገራቸውም፤ እኔም ገና አልደረስኩበትም ነበር።

«ሐቦባ፣ የሚጠፋ ፍም ላይ ግንድ ቢጭኑበት ይነዳል?»

«አይነድም።»

«እንደዚያ ነው። መጀመሪያ ጭራሮ፣ ከዚያ...»

«አውቃለሁ እሳት። ፍየልም አውቃለሁ። አንተንም አውቃለሁ።» በጣቷ ወደ እኔ ጠቆመች። «አንተ የኛ ሥጋ አትበላም። መጀመሪያ ቀን ዶሮ አረድን፣ አንተ ሽሮ ፈለግህ።»

«ጾም ነው፣ ሐቦባ። ፍልሰታ ነው።»

«እና ጾምህን ለኛ ልጅ ትሰጣለህ?»

አሁን የሳቀ ሰው አልነበረም። የሁሉም ዓይን እኔ ላይ ሆነ። ነገሩ ያኔ ገባኝ። ክርስቲያን ነኝ፤ እስላም ያረደውን አልበላም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ለእነሱ የእኔ ክልከላ ሕክምና አልነበረም፤ ሥጋቸውን መጸየፍ ነበር። ያን ለማስረዳት ብዙ ቀን ይፈልጋል። ሱለይማን ግን ከድስቱ ትንሽ ሥጋ አውጥቶ ለማብረድ እፍ እያለበት ነበር።

«ሱለይማን፣ አንተ ገበያ የምትውል ሰው ነህ፤ አንተ እንኳ...»

«የበኩር ልጄ ሲታመም ተሳልኩ» አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «ዳነ። ፍየሏን ለሌላ ቀን አልኩ፤ ዋጋ ነበራት። ሳምንት ሳይሞላ ቀበርኩት። አንቺ ካበላሃት አትተርፍም ትይኛለሽ። እኔ ካላበላሁ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ምን ላድርግ? ንገሪኝ።»

ሥጋውን እፍ ማለቱን ተወ። ከእኔ የበለጠ የፈራ ሰው እዚያ ግቢ ውስጥ እንዳለ እስከዚያች ደቂቃ አላወቅሁም ነበር።

«ስጡኝ» አልኩ።

«ምን?»

«ከሥጋው። ለኔ። ከሌላ ቦታ ቁረጡልኝ፤ የእሷን ጉርሻ አልነካም።»

ከኋላዬ ሮጦ የደረሰው ዲንሳ «ዘሙ!» ሲል ሰማሁት። ሐቦባ ራሷ ተነሳች። ከጉበቱ ቆርጣ በጣቷ አቀረበችልኝ፤ ዓይኗን ከአፌ ሳትነቅል። ደብረ ማርቆስ ያለችው እናቴ ብትሰማ ለቅሶ ትቀመጣለች። አላመጥኩ። ዋጥኩ። ጨው በዝቶበታል፤ ያም ሌላ ፍርሃት ጨመረብኝ።

«በላሁ» አልኩ። «የምከለክላት በጾሜ አይደለም፤ በሃይማኖቴም አይደለም። ኢክላስ ሥጋ ትበላለች። እኔው እራሴ አበላታለሁ። ግን ዛሬ ልቧ ደካማ ነው። እግሯን እዩት።» ተንበረከክሁና ጣቴን ተጫንኩ፣ አነሳሁ። «ይሄ ጉድጓድ መሙላት ሲጀምር። ያኔ።»

ሐቦባ ጎንበስ ብላ ጉድጓዱን አየች።

«ስለቱስ?» አለ ሱለይማን። «ጉርሻው የማን ነው?»

«የሷ ነው» አለች ኢቲዳል። «በኔ አፍ ትብላው። ሆዴ ውስጥ ሳለች በማን አፍ ነበር የምትበላ? በእናንተ?»

አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። ሁሉም ወደ ሐቦባ ዞረ። አሰበች፤ አሰበች። ድስቱ ይፈላል።

«ከንፈር ይነካ» አለች በመጨረሻ። «እናት ይበላ።»

ሱለይማን ሥጋውን በልጁ ከንፈር ላይ አስነካና ወደ ሚስቱ አፍ ወሰደው። ኢክላስ ግን ያን የሚያህል ጉልበት ከየት እንዳመጣች አላውቅም፤ በሁለት እጇ ተወርውራ ያዘችው። ሦስት ሆነን አስለቀቅናት። ጮኸች። ኢቲዳል እያለቀሰች አላመጠች፤ ሰዎቹም «ቢስሚላህ» ብለው መብላት ጀመሩ።

ልጅቷን ወደ ጤና ኬላው መልሰን ወተቷን ሳዘጋጅ ነው ቀኝ እጇ እንደተጨበጠ ያየሁት። ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈለቀቅሁ። መዳፏ ውስጥ የተመጠመጠ የሥጋ ጭረት ነበር። ከእሱ ስንቱ እንደቀረ እንጂ ስንቱ እንደሄደ አላውቅም።

«ስንት ዋጠች?» አልኩ። «ማን አየ?»

ማንም አላየም።

እስከ ምሽቱ የመግሪብ ሶላት ድረስ ከአጠገቧ አልተነሳንም። ትንፋሿ ሲፈጥን ዲንሳ የደም ሥሯን ይይዛል፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ይቁጠር ይጸልይ አልጠየቅሁትም። አንድ ጊዜ አስመለሳት። አንድ ጊዜ ዓይኗ ወደ ላይ ዞሮ ቀረ፤ ኢቲዳል ስሟን ስትጠራት ተመለሰ። ሱለይማን በሩ ላይ ቆሞ አንዴ እኔን አንዴ ሰማዩን ያያል፤ የትኛችን እንደዋሸነው ለማወቅ። አዛኑ ሲሰማ ትንፋሿ ረጋ። ማንኪያውን አስጠጋሁ። አፏን ከፈተች።

ከዚያ በኋላ የመጣው ደግሞ ሌላ ፍርሃት ነበር። ውሃው ከሰውነቷ መውጣት ጀመረና ኢክላስ ከሳች። ጉንጯ ጠፋ፤ ጎድኗ ታየ፤ እግሯ ቀርከሃ መሰለ። ሴቶቹ እያዩ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። «ወፍራም ልጅ ሰጥተናት አጥንት መለሰችልን» ሲሉ ሰማሁ። ይህ ነው መዳኗ ብል ማን ይሰማኛል? እኔም ሌሊት ሌሊት እጠራጠር ነበር።

አንድ ከሰዓት ሐቦባ ብቻዋን መጣች። እኔን ሰላም ሳትል አልጋው ላይ ተቀመጠች። የልጅቷን እግር አንስታ በአውራ ጣቷ ተጫነች፤ እኔ እንደማደርገው ጥቂት ቆየች። አነሳች። ጎንበስ ብላ አየች። ሌላውን እግር ሞከረች።

«አልገባም» አለች።

«አልገባም፣ ሐቦባ።»

«ሥጋ መቼ?»

«መጀመሪያ እንቁላል። የለውዝ ዱቄት በገንፎው ላይ። ከዚያ ሥጋ፣ ተፈጭቶ፣ በጣም ትንሽ።»

«ለውዝ አለኝ» አለች፤ ወጣች።

ወንዙ ጎደለና መኪናው ሊወስደኝ በመጣ ቀን፣ ሥዕሌን ጠቅልዬ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሐቦባ በጭቃው ውስጥ ስትመጣ አየኋት። በየቤቱ እየገባች የልጆች እግር ትጫናለች ብሎ ዲንሳ ነግሮኝ ስቄ ነበር። አሁን ግን ከኋላዋ የማላውቃት ሴት ትከተላታለች። ሴትየዋ ጉንጩ የሞላ፣ ክንዱ የሞላ ሕፃን ታቅፋለች። ሕፃኑ አያለቅስም።

ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ።

«ይሄ ገባ» አለችኝ ሐቦባ፣ አውራ ጣቷን እያሳየችኝ።

ሥዕሉን መሬት ላይ አስቀምጬ ዲንሳን ውሃ ጣድ አልኩት።