የፈይሳ ዕድሜ ምስክር

ሰው ሚስቱን ለማየት የዓመት ፈቃድ ይጠብቃል እንዴ? ፈይሳ ግን ይጠብቅ ነበር። እሱ ናዝሬት ጋራዥ ውስጥ የናፍጣ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም፣ ሚስቱ ጫልቱ አዳሚ ቱሉ ጤና ጣቢያ ተመድባ መርፌ ትወጋለች። መንግሥት የተከለውን ማን ይነቅላል! ልጃቸው ሻሼ አባቷ በመጣ ቁጥር ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተደብቃ ነበር የምታየው። ባለፈው ፋሲካ ጭራሽ «ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚሄደው?» ብላ ጠየቀች። ፈይሳ ሳቀ። አውቶቡስ ውስጥ ሲገባ ግን አለቀሰ፣ ምን ይደበቃል።

ታዲያ በ1978 ዓ.ም. አዳሚ ቱሉ አጠገብ፣ ሐይቁ ዳር፣ አዲስ የመስኖ እርሻ ተከፈተና ከየከተማው የፓምፕ መካኒክ ይፈለጋል ተባለ። ፈይሳ ወሬውን የሰማ ዕለት ምሳውንም አልበላ። መስፈርቱን ግን ተወኝ! የሙያ ፈተና ያለፈ ይሁን፤ ባለትዳር ይሁን፣ ምክንያቱም ወንደላጤው ወባውን ሲያይ በሳምንቱ ይጠፋል፤ ሦስት ዓመት ቦታውን ላይለቅ ይፈርም፤ ከቀበሌው መሸኛ ያምጣ፤ ዕድሜው ከአርባ አይብለጥ። የጋራዡ ሰዎች «ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ ንዳድ!» እያሉ ሲያማትቡ ፈይሳ በሆዱ ለምን ሠላሳ አያደርጉትም ይል ነበር። ፈተናውን አለፈ። ትዳሩማ ይኸው፣ አላስቀምጥ ያለው እሱ አይደል።

አንቆ የያዘው ዕድሜው ነው። እውነተኛው ዕድሜው ሠላሳ ሰባት ነበር፤ መታወቂያው ላይ የተጻፈው ግን አርባ ሁለት። ጥፋቱም የራሱ ነው። ልጅ ሆኖ ሸንኮራ ቆራጭ ሲቀጠር «አንተ ገና እንጭጭ ነህ» እንዳይሉት አምስት ዓመት ጨምሮ ተናገረ። ያን ጊዜ ሥራ የጠማው ልጅ ሁሉ እንዲያ ነበር የሚያደርገው። ከዚያ ወዲያ ያቺው ውሸት ከወረቀት ወረቀት እየተገለበጠች አብራው አረጀች።

የእርሻው የቅጥር ኃላፊ ወይዘሮ ወርቅውሃ ደግ ሴት ነበረች። ሠላሳ ሰባት ነኝ ብሎ ቢያመለክት፣ «ያሳደገህ ሰው ቀበሌ ቀርቦ ዕድሜህን ይመስክር። ሊቀመንበሩ ጓድ ገመዳ ካመነ እኔም አምናለሁ» አለችው።

ያሳደጉት አጎቱ አባባ ፈዬራ ናቸው፣ የሁሩታ ገበሬ። አገሩ ሁሉ «ፈዬራ አለ ከተባለ አለቀ» የሚልላቸው ሽማግሌ። ፈይሳ በሁሩታ አውቶቡስ ረዳት በኩል «ስለ ዕድሜዬ ስለምጠየቅ ቀበሌ መጥተው ይመስክሩልኝ» ብሎ ላከባቸው። ጉዳዩ ምን እንደሆነ፣ ምን ብለው እንደሚናገሩ ግን አንዲት ቃል አልጨመረም። ፈይሳ ጴንጤ ነው፤ ምስክር ማስጠናት ኃጢአት ይመስለዋል። እውነት ምን ጥናት ያስፈልጋታል ብሎ አረፈው። የዋህ!

በቀጠሮው ቀን አውቶቡሱ ዘገየና ሽማግሌው ከመናኸሪያ በጋሪ በቀጥታ ቀበሌ ደረሱ። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ፣ በትራቸውን እንደያዙ ገቡ። «አካም ቡልተኒ» ብለው ቤቱን ሰላም አሉና ተቀመጡ። ፊት ለፊታቸው ወይዘሮ ወርቅውሃና ጓድ ገመዳ ነበሩ። ገመዳ ጢሙ ገና በቅጡ ያልሞላ ወጣት ነው፤ ካኪ ለብሶ ሽጉጥ ታጥቋል።

«አባባ፣ ይህን ሰው ያውቁታል?»

«ምን ማለትህ ነው! እኔው ነኝ ያሳደግሁት።»

«ዕድሜው ስንት ነው?»

አባባ ፈዬራ ካኪውን አዩ። ሽጉጡን አዩ። ከዚያ ፈይሳን አዩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሀምሳ ሞልቶታል» አሉ። «እንዲያውም ሳያልፈው አይቀርም።»

ፈይሳ ጆሮውን አላመነም። ሽማግሌው ግን መች ቆሙ! «ቁመናው እንዳያታልላችሁ። ጉልበቱን ያመዋል። ዓይኑም ሩቅ አያይለትም። ሳሉ ሲነሳበትማ ጎረቤት አያስተኛም።»

ወርቅውሃ ሳቋን ልትውጥ አንገቷን ደፋች። «አባባ፣ እኛ እኮ የምንፈልገው ለሥራ ነው» አለቻቸው በለሆሳስ።

«የጎረቤቴን የጉደታንም ልጅ ለሥራ ነው ብላችሁ ነው የጠራችሁት። ከገበያ መሐል! ይኸው ወደ ሰሜን እንደሄደ ድምፁ የለም።»

ፈይሳ ያን ጊዜ ነው የገባው። በዚያ ዘመን ካኪ የለበሰ ሰው በገጠር የወንድ ልጅ ዕድሜ ከጠየቀ ለውትድርና ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። አባባ ፈዬራም የስንቱን ጎረምሳ ዕድሜ በዚያች ምላሳቸው ሲቆልሉ ኖረዋል። ዛሬም የመጡት ሊመሰክሩ ሳይሆን የወንድማቸውን ልጅ ሊያስጥሉ ነው።

አሁን ምን ይበል? «ተሳስተዋል፣ ሠላሳ ሰባት ነኝ» ቢል እሳቸው ውሸታም ሊባሉ ነው። ነገ ደግሞ አንዱ ተነስቶ «ሌላስ የማንን ዕድሜ ጨመሩ?» ይላቸዋል። ሁሩታ ውስጥ በየቤቱ ያሉት ልጆች ሊታፈሱ ነው። ዝም ቢል ደግሞ ሥራው ቀረ፣ ጫልቱ ቀረች። ሻሼም እንደፈራችው ልታድግ ነው። ፈይሳ ብድግ አለ።

«አባባ ያሉት ልክ ነው፣ ጓድ። ሀምሳ ነኝ።» አለ። በሆዱ ይቅር በለኝ አለ፤ ለፈጣሪው ይሁን ለራሱ አላወቀውም።

ገመዳ ተነሳና በሩን ዘጋው። ተመልሶ ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም፤ አግዳሚው ላይ ከሽማግሌው ጎን ቁጭ አለና በኦሮምኛ፣ ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቃቸው።

«አባባ፣ የእኔስ ዕድሜ ስንት ይመስልዎታል?»

አባባ ፈዬራ ፊቱን ትክ ብለው አዩት። ቸኩለው አልመለሱለትም።

«እናትህ በሕይወት አለች?»

«አለች። ሻሸመኔ።»

«እንግዲያው ስልሳ ሞልቶሃል፣ ልጄ።»

ገመዳ ሳቀ። ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ሽጉጡ ከአግዳሚው ጋር እስኪጋጭ ሳቀ። ቆይቶ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ፣ ሳቁ ግን ቆሞ ነበር። «በሰኔ እኔንም ወደዚያው ወደ ሰሜን መድበውኛል» አለ። «ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም።»

አባባ ፈዬራ እጃቸውን ዘርግተው የልጁን ራስ ዳበሱና በአገራቸው ምርቃት በሰላም ተመለስ አሉት። እሱም አጎንብሶ ተመረቀ። ከዚያ ካኪውን አስተካክሎ ተነሳ።

«ወይዘሮ ወርቅውሃ፣ እንዳመለከተው ሠላሳ ሰባት ብለሽ ጻፊ» አለ። «ጉልበቱንና ሳሉን ተይው። የጉደታን ልጅ ነገር እኔ አልሰማሁም፣ አንቺም አልሰማሽም።»

«እኔ ጆሮዬን ያመኛል» አለች ወርቅውሃ፣ ብዕሯን እያነሳች።

ሽማግሌው ፊርማና ማኅተም ሲያዩ ጭራሽ ባሰባቸው። ውጭ ወጥተው የፈይሳን ክንድ ጨብጠው «ወሰዱህ አይደል! ወይኔ ልጄን!» አሉ። «ለውሃ ፓምፕ ነው አባባ፣ ጫልቱ ወዳለችበት ነው የምሄደው» ቢላቸው ማን ሊሰማ! እንዲያውም እርሻው የላከው መኪና የፈይሳን ፍራሽና የመፍቻ ሳጥን ሊጭን ሲመጣ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከሾፌሩ ጎን ጉብ አሉ። በዓይኔ ሳላይ አልመለስም አሉ። አላዩም አይባሉ፣ እስከ አዳሚ ቱሉ ድረስ ዓይናቸውን ከመንገዱ ላይ አልነቀሉም።

ጫልቱ የመኪናውን ድምፅ ሰምታ ነጭ ገዋኗን እንደለበሰች ከጤና ጣቢያው ወጣች። መጀመሪያ ባሏን አየች። ቀጥሎ ፍራሹን አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። የዓመት ፈቃድ የመጣ ሰው ፍራሽ አይጭንም።

አባባ ፈዬራ ከመኪናው ወረዱ። ዙሪያውን ቃኙ፤ ካኪ የለበሰ ሰው የለም። ያን ጊዜ ገና ትንፋሻቸው መለስ አለ። የፈይሳን እጅ ይዘው ወሰዱና ጫልቱ እጅ ላይ አኖሩ።

«ተረከቢኝ ልጄ» አሏት። «የዚህን ሰውዬ ዕድሜ ሁላችንም እንዳሻን ስንጨምርና ስንቀንስ ኖረናል። የቀረውን አንቺ ቁጠሪለት።»