ኮማንደርን ማን ይግደለው?

የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ የጊፋታ ሰሞን ነው። ከቦዲቲ ገበያ የመጣውን በሬ ጋሽ ቦጋለ በማለዳ ባርኮ አርዶታል። ሶዶ ውስጥ በዚያ ሰፈር አሥራ አንድ አባወራ በሬ ሲቃረጥ ቢላ የሚይዘው እሱ ነው፤ ሃያ ዓመት ሆነው። ሥጋው በእንሰት ቅጠል ላይ ለየመደቡ ሲደለደል፣ ሻኛው እንደ ደንቡ ለሰፈሩ ታላቅ ሰው ለአባ ኤርካሎ ተለይቶ ተቀመጠ።

ኮማንደር በላው።

ኮማንደር ውሻ ነው። ባለቤት የለውም፤ ወይም አሥራ አንድ ባለቤት አለው። ሌሊት ሰፈሩን ሲጠብቅ ያድራል፣ ቀን በየደጁ ያንቀላፋል። ያን ዕለት ግን አላንቀላፋም። ሻኛውን እንዳለ አንጠልጥሎ ከጎረቤቶቹ አንዷ ወደሆነችው ወደ ዘነቡ አቮካዶ ዛፍ ሥር ወሰደና፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየው፣ ሳይቸኩል አጣጥሞ ጨረሰው።

«ሞት ነው!» አለች ዘነቡ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ዛሬ ሻኛ የለመደ ነገ ልጅ ያነሳል!»

እጅ ወጣ፤ የሞት ፍርዱ ጸደቀ። የጋሽ ቦጋለ እጅ ብቻ መሃል ላይ ቀረ፤ ወጣ እንዳይባል ዝቅ ያለ፣ አልወጣም እንዳይባል ከፍ ያለ።

እሱ የሚያውቃት ነገር አለች። ሻኛውን ከግንቡ አጥር አናት ላይ ማስቀመጥ ሲገባው ጉቶ ላይ ያኖረው ራሱ ነው። የቅዳሴ ደወል ሰምቶ ወደ ደብሩ ዞሮ ሲያማትብ ነው ውሻው የደረሰው። ይህን አውጥቶ «ጸሎት አዘናጋኝ» ቢል ደግሞ እግዜርን ማማት መሰለው።

«ፍርዱ አያከራክርም» አለ ኪሩቤል። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሕግ የሚያስተምር፣ ከደሴ ተመድቦ የመጣ ሰው ነው። «አፈጻጸሙ ግን ሰብዓዊ መሆን አለበት።»

«ሰብዓዊ? ውሻ እኮ ነው!»

«ሰብዓዊነቱ ለሟች አይደለም እትዬ ዘነቡ። ለገዳይ ነው።»

ይህን ሲሰማ ሁሉም በአንዴ መናገር ጀመረ።

«እንስቀለዋ!»

«ከኔ አቮካዶ ላይ? ከዚያ ወዲያ ፍሬውን ማን ሊበላልኝ!»

«በጥይት ይሁን።»

«ተኩስ ከተሰማ ፖሊስ ይመጣል። መጥቶ ደግሞ ‹ብሉ› ሳይባል አይሄድም። ትርፍ መደብ አለን?»

መርዝ ሲነሳ ሐመልማል ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ሆስፒታል ነርስ ናት። «አንጀት ነው የሚቆራርጠው። ሲጮህ ውሎ ሲጮህ ነው የሚያድረው፤ ማናችሁ ትተኛላችሁ?»

«ውጭ አገር በመርፌ ነው» አለ ኪሩቤል። «መጀመሪያ ያስተኙታል፣ ከዚያ…»

«ደም ሥሩን ማን ያገኝለታል? ዝም ብሎ የተኛ ሰውን እንኳ አንዳንዴ ሦስቴ ነው የምወጋው! አራተኛው ላይ ይነክሰኛል፤ ያኔ ለኔ መርፌ ፈልጉ።»

«እሺ ኤሌክትሪክስ?»

«መሃል ላይ መብራት ቢጠፋስ?» አለች ዘነቡ። «እስኪመጣ ጠብቅ ልንለው ነው?»

ሳቅ ሆነ። የሞት ፍርደኛውም የተጫወቱለት መስሎት ጅራቱን ቆላ።

ኪሩቤል ግን እንዲሁ የሚለቅ ሰው አይደለም። «ለምን እንደክማለን? የጋሽ ቦጋለ ቢላ አለ አይደል! በሬው እንኳ ጠዋት ሳይንፈራገጥ ነው የሄደው። ከዚህ በላይ ሰብዓዊ አይገኝም።»

ሃያ ምናምን ዓይን ጋሽ ቦጋለ ላይ አረፈ። ቢላውን በእንሰት ቅጠል ጠረገና አየው። ኮማንደርን አየው። ኮማንደርም በትሕትና ቢላውን አየ፤ እስከ ዛሬ ከዚያ ቢላ ያየው ቁራጭ ሥጋ ብቻ ነው።

«ምን ብዬ ልባርከው?» አለ ጋሽ ቦጋለ።

«እንዴት?»

«በሬውን ሳርድ አምላኬን ጠርቼ ነው፤ የሰጠኝን ልበላ ነውና አላፍርም። በውሻው ላይ ምን ብዬ ልጥራው? ‹ጌታዬ ሆይ፣ ተናደናል› ልበል?»

«ሳይባርኩትስ?»

«ሳልባርክማ ገዳይ ነኝ፣ ኪሩቤል ልጄ። በል፣ አንተ ያዝ።» እጀታውን ዘረጋለት።

ኪሩቤል የሚያስተምር እንጂ የሚያስፈጽም እንዳልሆነ ገለጸ። ቢላው ወደ ሐመልማል አለፈ፤ እሷ የማዳን ቃል ኪዳን አለባት። ዘነቡ ሴት ቢላ አታነሳም አለች፤ ጠዋት ግን ጨጓራውን በዚያው ቢላ ስትከትፍ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ ዞሮ ጋሽ ቦጋለ እጅ ተመለሰ።

«እንግዲያው እኔን ፍረዱብኝ» አለ። «ጉቶው ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ደወል ሰምቼ ጀርባዬን ሰጠሁት። ውሻው የወሰደው የተቀመጠለትን ነው።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ይህኔ እስካሁን ጃንጥላው ላይ ተደግፎ ቃል ያልተነፈሰው አባ ኤርካሎ ጉሮሮውን ጠረገ። አማርኛው ለቀበሌና ለገበያ ነው፤ ኮማንደርን ሁሌም «እሷ» ነው የሚለው።

«ቦጋለ ከተናገረ እኔም ልናገር» አለ። «አፌን እዩ።» ከፈተው። አንድም ጥርስ አልነበረበትም። «ስድስት ዓመት ነው። ሻኛ ትሰጡኛላችሁ፣ እቤት ወስጄ በጓሮ በኩል ለእሷ እሰጣታለሁ። ታላቅ ሰው ሻኛ ማኘክ አቃተው እንዳትሉኝ አፈርኩ። ዘንድሮ ራሷ መጥታ ወሰደች። ሌባ አይደለችም፤ የለመደችውን ነው።»

ዘነቡ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እስክታለቅስ ሳቀች።

«ያም ሆኖ ፍርዱ ጸድቋል!» አለ ኪሩቤል። «መሻር የሚችለው…»

«ይጽና» አለ አባ ኤርካሎ። «አገዳደሉን ስትስማሙ ጥሩኝ።»

ጋሽ ቦጋለ ከራሱ መደብ ላይ ለስላሳውን ሥጋ መረጠና ለአባ ኤርካሎ አድቅቆ መክተፍ ጀመረ፤ ያለ ጥርስ እንዲወርድ አድርጎ። ሊጨርስ ሲል የቅዳሴ መውጫው ደወል ተሰማ። ኮማንደር ቀና አለ።

ጋሽ ቦጋለ መጀመሪያ ክትፎውን ግንቡ አናት ላይ ሰቀለ። ከዚያ ዞሮ አማተበ።