እኩል ሞላ

አያናን እጠላዋለሁ ስል እያጋነንሁ አይደለም። የባሌ ገሰራ ተወላጅ ነው፤ የመንግሥት እርሻውን ስንዴ ዋግ እንዳይጨርሰው ከላይ የሚቃኝባትን አሮጌ አውሮፕላን ያበራል። እኔ ጎሹ ደግሞ ከደብረ ዘይት ተመድቤ ሮቤ የመጣሁ መካኒኳ ነኝ። ባሳረፋት ቁጥር ያፈርጣትና «መሪዋ ተበላሽቷል» ይላል። የተበላሸው የእሱ እግር ነው፤ ፔዳሉን እንደ በሬ ይረግጠዋል።

ይቺ አውሮፕላን መሬት ላይ የምትታጠፈው በጭራዋ ሥር ባለች ትንሽ ጎማ ነው። ጎማዋን ከመሪው ጋር ሁለት ሞላዎች ያገናኟታል። እኔ የቀኙን ጠበቅ፣ የግራውን ላላ አድርጌ ነው የማስራቸው። እኩል ከሆኑ ጎማዋ ስታርፍ ትንቀጠቀጣለች፤ ከጀመራት ደግሞ የሚያቆማት የለም። ሃያ ዓመት መፍቻ ይዤ የተማርሁት ነው።

ዓርብ ዕለት በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ አያና እጁን አወጣ።

«ጓዶች፣ የጓድ ጎሹ ሞላዎች እኩል አይደሉም። አንዱ ጠብቋል፣ አንዱ ላልቷል።»

ከጎባ የተላከው ካድሬ ገብረወልድ ብዕሩን አስቀመጠ። «ለምንድን ነው እኩል ያልሆኑት?»

«ሥራው እንዲያ ነው፣ ጓድ።»

«የትኛው ነው የጠበቀው?»

«የቀኙ።»

ምን አለ ያኔ ምላሴን በነከስሁ!

«ቀኙን አጠንክረህ ግራውን አላልተሃል!» አለ ገብረወልድ። «ይህ ጥርት ያለ አሻጥር ነው። ነገ ጠዋት እኩል ሆነው ካላየሁ ወህኒ ትወርዳለህ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱንም ለክቼ እኩል አደረግሁ። አያና አጠገቤ ቆሞ ያያል። ምን እንደሚመጣ ልነግረው እችል ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ይቅመሳት ብዬ ተውሁት።

አስነስቷት በረረና ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሰ። የዚያን ቀን ደግሞ ለጉድ አሳምሮ አሳረፋት። ጭራዋ መሬት እንደነካ ግን ጎማዋ መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ አውሮፕላኗ ተሽከረከረች፣ ክንፏም ከማረፊያው ጎን ካለው ቦይ ዳር ጋር ተላተመ። ሮጠን ስንደርስ አያና እግሩ ተሰብሮ መቀመጫው ውስጥ ተቀርቅሯል።

ገብረወልድ ወደ እኔ ዞረ። «ምንድን ነው ያደረግኸው?»

«ያዘዝኸኝን» ልለው ፈልጌ ወደ አያና ዞርሁ።

አያና አየኝ። እያወቅሁ እንደላክሁት ገብቶታል፤ ከዓይኑ አነበብሁት።

«ዺሲ! ተወው!» አለ ካድሬውን፣ ጥርሱን ነክሶ። «ሞላው እኩል ነው፤ ያስደረግሁትም እኔ ነኝ። አሳምሬ አላሳረፍኋትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«እንግዲያውስ አሻጥረኛው አንተ ነሃ!» አለ ገብረወልድ።

ከገብረወልድ ጋር የመጡት ወታደሮች ከነስብራቱ ላንድሮቨራቸው ላይ ጫኑት። የሚወስዱት ወደ ሐኪም እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በሩ እስኪዘጋ ድረስ ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም። «አያና ዛሬ አሳምሮ ነበር ያሳረፋት» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

አላልሁም።